በሁለት ከተማ የክንድ ዋጋ

ቅዳሜ ጠዋት የቬሎ ኪራይ ሱቁ በሰዓቱ አልተከፈተም። የሠርግ ቀን ነው። ቬሎ ሊወስዱ የመጡ ሚዜዎች በረንዳው ላይ ሲቁነጠነጡ ቆይተው፣ አንደኛዋ ትዕግሥቷ ሲያልቅ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ደፍጥጣ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ በኋላ ስለ ቬሎ ያነሳ ሰው የለም።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ በሩ ተሰብሮ ጠበቀው። የሰበሩት የራሱ ፖሊሶች ናቸው፤ ከነሱ በፊት የነካው የለም። ሱቁ ከውጭ በቁልፍ ተቆልፎ ነበር። ባለቤቲቱ፣ አርባን የተሻገረች ቀጠን ያለች ሴት፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ በደረቷ ተደፍታለች። ቬሎዎቹን ከላይኛው መስቀያ የምታወርድበት ባለ መንጠቆ የብረት ዘንግ ከጎኗ ወድቋል። ዘንጉን አንድ ሰው በጨርቅ ጠርጎታል።

«አናቷ ላይ ነው» አለ የፖሊሱ ሐኪም ከተንበረከከበት እየተነሳ። «መቺው ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከራሱ በላይ አንስቶ ነው ያወረደው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«መቼ?»

«ትናንት ወደ ማታ። ከዚህ በላይ አታስጨንቀኝ።»

ኢንስፔክተሩ ጡረታው የቀረበ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የወጣ ሰው ነው። የጣቢያው ልጆች በሌለበት «ጎምቱው» ይሉታል። እሱም ያውቃል፣ ግን ያላወቀ ይመስላል። ችኩል ሰው ያበሽቀዋል። አብራው የምትሠራው ሳጅን ደግሞ ችኮላ ራሷ ናት፤ እንዲያም ሆኖ እየተነጫነጩ ዓመታት አብረው ዘልቀዋል።

ሳጅኗ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ቬሎ ታያለች። አንዱ እጅጌ ተፈትቶ ወጥቷል፤ ብብቱ ዙሪያ ስፒል ተሰክቶበታል።

«እጅጌ አልባ ልታደርገው ነበር። የማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ የታናሽ እህቷ ነው። በሚቀጥለው ወር ታገባለች።»

«ስፒሎቹን አትንኪ። እንዳለ ይታሸግ» አለ ኢንስፔክተሩ። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ የለመደው ነገር ቢኖር፣ ያልገባውን ነገር እንዳለ ማስቀመጥ ነው።

የሱቁ ቁልፍ ሁለት ነበር። አንዱ የሟች፣ እሱም ከቦርሳዋ ጠፍቷል። ሁለተኛው የልብስ ሰፊዋ ነው።

ልብስ ሰፊዋን በተመለከተ የጎረቤቱ ፎቶ አንሺ የሚለው ነበረው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሰውየውም ጆሮው ቀጭን።

«ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ተጣልተዋል። የልጅቷ እናት ሰላም ሊሉ ወደ ሱቁ ብቅ ይላሉ። ባለሱቋ 'ተሻለዎት ወይ?' ትላቸዋለች። 'ኧረ እኔ መች ታምሜ አውቃለሁ' ይላሉ። እሳቸው እንደወጡ ጩኸት ሆነ። 'ከሁለት ወር በፊት እናቴን ላስታምም ብለሽ ሳምንት ሙሉ ጠፋሽ፤ የት ነበርሽ?' አለቻት።»

«ልጅቷስ?»

«'እሱን አልነግርሽም' አለች። 'እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ እንዳላይሽ' አለቻት።»

ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። የጥያቄ ክፍሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የቀሚሷን ጠርዝ ትነካካለች።

«ዓርብ ማታ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ከእናቴ ጋር።»

«እናትሽ በጊዜ ተኝተው ነበር፤ ጠይቀናቸዋል።»

«እሳቸው ተኙ፤ እኔ አልተኛሁም። ከሥራ የተባረረ ሰው ምን እንቅልፍ አለው።»

«ያን ሳምንት የት ነበርሽ?»

ጠርዙን በጣቷ አጠፈችው።

«ስሚ፣ እኔ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም። ወንድ ጋ ሄደሽ ከሆነ ሄደሽ ነው፤ ምን አገባኝ።»

ፈገግ ለማለት ሞከረችና አልሆነላትም። «ወንድ ጋ አይደለም። መጥፎ ነገርም አልሠራሁም። ግን አልናገርም፤ አይፍረዱብኝ።»

ኢንስፔክተሩ ነገሩ አልጥም አለው። ውሸታም ሰው ሲጨንቀው አንድ ነገር ይቀባጥራል። ይህቺ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች። ቁልፍ አላት፣ ምክንያት አላት፣ ዓርብ ማታ ያያት የለም። ማረፊያ ቤት አስገቧት።

ሌላ ሰው አልፈለጉም አይባልም። የሟች የቀድሞ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ፍቺያቸው በጠብ ነበር፤ «አንድ ቀን አገኛታለሁ» ሲል የሰሙት ብዙ ናቸው። ሳጅኗ ሌላ ነገር አላይ ብላ እሱን ሁለት ቀን አሳደደችው። ሰውየው ለካ ዓርብ ማታ ሩቅ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት፣ አምስት ሰው እየረዳው፣ እየተሳደበ ሲቀይር አምሽቷል። አምስቱም ስድቡን ቃል በቃል ያስታውሱታል።

ታናሽ እህት የምትኖረው አክስቷ ቤት ነው። አክስት በሩን እንደከፈቱ አላስገባም ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ልጄ፣ የታመመ ሰው ላይ ደግሞ ምን ትጨምራላችሁ? ማንኪያ እንኳ አታነሳም። እኔ ነኝ የማጎርሳት፣ እኔ ነኝ ፀጉሯን የማበጥረው።»

ታናሽየዋ ትራስ ተደግፋ ሶፋው ላይ ናት። ቆንጆ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ሁለቱም ክንዶቿ ከብብት እስከ አንጓ ድረስ ጥብቅ ባለ ላስቲክ እጅጌ ተይዘው እንደ እንጨት ጭኗ ላይ ተጋድመዋል። ድሮ በጣም ወፍራም ነበረች አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስትከሳ ሌላው ሁሉ አምሮላት የክንዷ ቆዳ ተንጠልጥሎ ቀረ። እጅጌ አልባ ቬሎ ለብሳ ልታገባ ደግሞ ተስላለች። ታላቋ ገንዘቡን ሰጠቻት፤ ትልቁ ሆስፒታል ገብታ ትርፉን ቆዳ አስቆርጣ አሰፋች። ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንቱ ነው።

«ቬሎውን ለክተሽ ነበር?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ከመሠራቴ በፊት እንጂ። አሁንማ እጄን ማን አንስቶልኝ።» እንባዋ ወረደ። አክስቷ በመሐረብ ጠረጉላት። «እህቴ ለኔ እናት ነበረች። ያቺ ልጅ እንዲህ ታደርጋለች ብዬ በሕልሜም አላስብ። አብሮ አደጌኮ ናት፤ ሱቁ ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሩ ክንዶቿን አየ፣ ሐኪሙ ያለውን አሰበ፣ በልቡ ስሟን ሰረዘ። ሳጅኗ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ለመንግሥት ሥራ መስሎት ነበር፤ ለካ ለራሷ ነው።

«የኔም ታላቅ እህት ይሄው ነገር ያሳስባታል። ዋጋው እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

ታናሽየዋ የተናገረችው ቁጥር ኢንስፔክተሩን አስሳለው። በዚያ ገንዘብ እሱ ጣሪያውን አድሶ ይተርፈው ነበር።

«ገንዘቡስ ባልከፋ» አለች ታናሽየዋ፣ የሴት ወግ ሲመጣ ፊቷ ትንሽ ፈታ ብሎ። «ጣጣው ነው እንጂ። ይህን እጅጌ እንኳ ራስሽ ገዝተሽ ነይ ይሉሻል፤ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞሬ ነው ያገኘሁት። ደግሞ አስታማሚ ካልያዝሽ አንቀበልም ይላሉ። ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ» አለች ሳጅኗ።

የልብስ ሰፊዋ እናት በየቀኑ ጠዋት ምግብ በሳህን ቋጥረው ወደ ጣቢያው ይመጣሉ። ልጃቸው አንዲት ናት፤ ሌላ የሚጦራቸው የለም። ኢንስፔክተሩን ኮሪደሩ ላይ ያዙት።

«የኔ ጌታ፣ ልጄ ዶሮ ሲታረድ የምትሸሽ ናት።»

«እናቴ፣ ያን ሳምንት የት እንደነበረች ያውቃሉ?»

«ሥራ ወጥቶልኝ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው አለችኝ። ስትመለስ ከሰው ቤት የመጣች ትመስላለች፤ ጥፍሯ ውስጥ ሳሙና፣ ልብሷ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ምን ሆነሽ ብላት ሳቀች።»

ኢንስፔክተሩ ሰማቸው። መስማት ብቻ። ዓቃቤ ሕጉ ሰኞ ቀጠሮው ሲያበቃ ክስ እመሠርታለሁ ብሏል፤ አለቃውም «ምን ትጠብቃለህ? ያለቀ ነገር ነው» ብሎታል። ክሱ ነፍስ ግድያ ነው፤ እናትየዋ ልጃቸው የምትወጣበትን ቀን በሕይወት አያዩትም። ሴትየዋ ባዶውን ሳህን አቅፈው ሲሄዱ በዓይኑ ሸኛቸው።

ሐሙስ ከሰዓት ሳጅኗ ስልኳን በእጇ ይዛ ሳታንኳኳ ገባች።

«ጌታዬ፣ ሊቆጡኝ ነው። በሥራ ሰዓት ለእህቴ የክንድ ዋጋ ስጠይቅ ነበር።»

«እሺ፣ ተቆጣሁ። ቀጥዪ።»

«ትልቁ ሆስፒታል ደወልኩ። ዋጋው ያቺ ያለችው ነው፤ ልክ ናት። ግን 'ጥብቁን እጅጌ ከየት ልግዛ?' ብዬ ስጠይቅ ልጅቷ ሳቀችብኝ። እጅጌው፣ ሦስት ሌሊት አልጋው፣ ነርሷ፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ ሁሉም ዋጋው ውስጥ ነው አለች። 'አስታማሚስ?' ብላት 'አስታማሚ አናሳድርም፣ ክልክል ነው' አለችኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሻዩን አስቀመጠ።

«እና ያቺ ዞሬ ገዛሁ፣ አስታማሚ ያዢ አሉኝ ያለችው የት ነው?»

«እኔም እሱን ብዬ በየከተማው ስደውል ዋልኩ። ዋጋው ሲወርድ ሲወርድ ሄዶ፣ በመኪና ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ትንሽ ከተማ ላይ አንድ ሦስተኛ ሆነ። 'እጅጌውን ይዘሽ ነይ፣ አስታማሚ ይዘሽ ነይ፣ ማታውኑ ትወጫለሽ' አሉኝ። ቃል በቃል፣ ጌታዬ። ሰው ያላደረበትን ቤት ጣጣ አያውቅም።»

«ሆስፒታሉ ተኝታ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል?»

«ያንን እርስዎ ገና ድሮ የጠየቁ መስሎኝ።»

አልጠየቀም። የላስቲክ እጅጌ አይቶ አመነ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ስልኩን አነሳ። ትልቁ ሆስፒታል በዚያ ስም የተኛ ሰው አያውቅም።

የትንሿ ከተማ ክሊኒክ አንድ ፎቅ ያላት፣ ግቢዋ የተጠረገ ቤት ናት። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አንብቦ ቁጭ በሉ አለ። ጎልማሳ ነው፤ በሥራ ቀን ትልቁ ከተማ፣ ቅዳሜና እሑድ እዚህ ይሠራል፤ ለነሱ ሲል ዓርብ ማለዳውን መጥቷል።

«አዎ፣ ሠርቻታለሁ። ከሁለት ወር በፊት።»

«እርግጠኛ ነዎት? ሁለት ሳምንት አይደለም?»

«ሁለት ወር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ወር ሲሞላት ነው፤ ስፌቷ ድኖ፣ እጅጌውን አውልቂው ብያታለሁ። አሁን ባልዲ ትሸከማለች።»

ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን አየችው። እሱ አላያትም።

«አንድ ነገር ያልገባኝ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እጅዎ ያው አንድ እጅ ነው። እንዴት ነው እዚያ ሦስት፣ እዚህ አንድ የሚሆነው?»

ሐኪሙ ይህን ጥያቄ የለመደው ይመስላል። «ሰው መርፌና ክር የሚገዛ ይመስለዋል። እዚያ የኔ ድርሻ ከጠቅላላው ትንሽ ናት። የሚበላው ኪራዩ ነው፣ አልጋው ነው፣ ሌሊቱን የምትነሳዋ ነርስ ናት። እዚህ ሌሊት የለም፤ ስለዚህ ርካሽ ነው። ግን ያ ሥራ አይቀርም፣ አንድ ሰው ይሠራዋል። እጇን ማንሳት የማትችል ሴት ማን ያጥባታል? ማን ያጎርሳታል? ማን ሽንት ቤት ይወስዳታል? ለዚህ ነው አስታማሚ የሌላትን የማልቀበለው። ልዩነቱን የሚከፍለው አስታማሚው ነው እንጂ እኔ ቅናሽ አላደረግሁም።»

«እሷን ማን አስታመማት?»

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ነርስ ግን ጣልቃ ገባች።

«ጓደኛዋ ናት። ወይ ጉድ፣ እሷንማ እንዴት እረሳታለሁ። በዚያ በኩል ባለው ማረፊያ ክፍል ተከራይተው ሳምንት ተቀመጡ። ሌሊት አትተኛ፣ ቀን አታርፍ። በሽተኛዋ ጯሂና ተቆጪ ነበረች፤ ያቺ 'እሺ የኔ ቆንጆ' ብቻ። ስትተኛላት ደግሞ እጇ ሥራ ሲፈታ አይወድም መሰለኝ፣ የተቀደደ አንሶላችንን ሁሉ ሰፋችልን። መጋረጃው የሷ ነው፣ ይዩት።»

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ መጋረጃውን አየ። ጠርዙ በደቃቅ እጅ ተቀምቅሟል። የጥያቄ ክፍሉ ውስጥ የቀሚሷን ጠርዝ ስትነካካ የነበረችው ሴት ትዝ አለችውና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አወቅሃት?» አለችው ነርሷ ግራ ገብቷት አንተ እስክትል።

«እኛ ጋ ናት» አለ።

ቅዳሜ ታናሽየዋን ወደ ጣቢያው አስመጧት። አክስቷ ደግፈዋት ገቡና ውጭ ይቆዩ ተባሉ። ሳጅኗ የታሸገውን ቬሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይህን መጨረሻ የለበስሽው መቼ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ነገርኩዎትኮ። ከመሠራቴ በፊት።»

«የዚያን ጊዜ ክንድሽ ምን ያህል ነበር?»

ወደ ቬሎው ሳይሆን ወደ በሩ አየች። ሳጅኗ በጣቷ ስፒሎቹን አሳየቻት። «ብብቱ ከዚህ እስከዚህ ጠብቧል። ይህን ዓይነት ስፒል ሰው ላይ ካልሆነ ጠረጴዛ ላይ አይሰኩትም፤ ዛሬ ሁለት ልብስ ሰፊ ጠይቄያለሁ። የድሮ ክንድሽ በዚህ አያልፍም። የአሁኑ ያልፋል።»

«እህቴ ገምታ ይሆናል።»

«ትናንት ሐኪምሽ ጋ ነበርን» አለ ኢንስፔክተሩ። «የትንሿ ከተማው ጋ። ባልዲ ትሸከማለች አለን።»

ያ እንደ እንጨት የተጋደመው የታናሽየዋ እጅ ከጭኗ ተነሳ፤ ሁለቱንም ክንዶቿን ከራሷ በላይ አንስታ የተፈታባትን ሻርፕ አስተካክላ አሰረች። ለብዙ ቀን ያጣችውን እረፍት ያገኘች ትመስል ነበር።

«ክንዴን በራሴ ገንዘብ ነው የተሠራሁት፤ ለሥልጠና ሄጃለሁ ብዬ። ሰፊ እጅጌ እየለበስኩ ደበቅሁት፤ እህቴም አክስቴም አላወቁም። በኋላ ራሷ 'ትልቁ ሆስፒታል ላሠራሽ' ብላ ገንዘቡን አመጣችልኝ። ተሠርቻለሁ ብላት ይቀርብኛል። ተቀበልኩና ሦስት ቀን አልቤርጎ ተኝቼ፣ እጅጌውን መልሼ አድርጌ መጣሁ። ገንዘቡን ለሠርጉ አወጣሁት። ማንን ጎዳሁ?»

«ዓርብስ?»

«አክስቴ ቴሌቪዥን ስር እንቅልፍ ሲጥላት ወጣሁ። እህቴ ልለካልሽ ብላኝ ነበር። ቀስ ብላ እንደ ሕፃን አለበሰችኝ፣ ሰካችልኝ፣ መልሳ አወለቀችልኝ። ከዚያ ላይኛው መስቀያ ላይ ሌላ ቬሎ አየሁና ዘንጉን አንስቼ ላወርደው ስል...» አቆመች። «ረሳሁት። እጄን አንስቼ ሳወርድ ቆማ ታየኛለች። 'የትኛው ነው የታመመው እጅሽ?' አለችኝ። ሁሉንም ወዲያው አገናኘችው፤ ለሥልጠና ሄድኩ ያልኩትንም፣ ያቺ የጠፋችበትንም ሳምንት። 'ያለ ጥፋቷ ያባረርኳትን ልጅ ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ያንቺን ደግሞ ለእጮኛሽ እነግረዋለሁ' ብላ ዞረች። ዘንጉ እጄ ላይ ነበር።»

ቁልፉን መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ እንደጣለችውም ነገረቻቸው።

«ጓደኛሽ ታስራለች» አለ ኢንስፔክተሩ። «አንድ ቀን አፏን ብትከፍት ያለቀልሽ ነበር። አልፈራሽም?»

«ምን ያስፈራኛል? አስምያታለሁ። እሷ ከማለች አትናገርም።»

ሳጅኗ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። በሩን ስትዘጋው ከሚገባው በላይ ጮኸ።

ልብስ ሰፊዋን ራሱ ኢንስፔክተሩ ሄዶ አስወጣት። ኮሪደሩ ላይ ከሚገኘው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ገዳይዋ ማን እንደሆነች ነገራት። ስለ ክንዱ ሲነግራት ቀና አለች።

«ማንሳት አልችልም አለቻችሁ?»

«አዎ።»

«እና አመናችኋት።»

«እኔ ነኝ ያመንኳት። አንቺስ ለምን ዝም አልሽ? የሄድሽበትን ከተማ ብቻ ብትጠሪልን በማግስቱ ቤትሽ ነበርሽ።»

«በእናቴ ነዋ ያስማለችኝ። ለማንም እንዳልናገር፤ ሠርጌ እስኪያልፍ ብላ። ራሷ ካልፈታችኝ በቀር እንዴት እናገራለሁ?» የተበሳሱ ጣቶቿን አየች። «እሷን ነበርኮ የምጠብቀው። በሩ በተከፈተ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች። መታሰሬን ስትሰማ መጥታ 'ተይው፣ ንገሪያቸው' ትለኛለች ብዬ። ስትቀርብኝ ደግሞ ሐዘን ላይ ናት፣ ሰው በዝቶባት ነው፣ ነገ ትመጣለች እላለሁ። በየቀኑ ነገ ትመጣለች እላለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ታናሽየዋ ስለ መሐላው ያለችውን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወው። ውጭ እናትየዋ ሳህናቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ልጅቷን እስከ በሩ ሸኛትና ወደ ቢሮው ተመለሰ።